ስም የማይጠይቅ በር

እንዲህ እንበል። በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኮምፒውተር የተማሩ አምስት ስድስት ወጣቶች ተሰባስበው ለስልክ የሚሆን መተግበሪያ ይሠራሉ። መተግበሪያው መጽሐፍ ቅዱስን በድምፅ ያሰማል፤ መዝሙር አለው፤ የጸሎት ርእስ መላኪያ አለው፤ የሚያማክረው ሰው ላጣም መልእክት የሚጽፍበት ሳጥን አለው። ሥራው ሊጠናቀቅ ሲል አንድ ጥያቄ ቡድኑን ለሁለት ይከፍለዋል። መተግበሪያው ሲከፈት የመጀመሪያው ገጽ ሙሉ ስምና ስልክ ቁጥር ይጠይቅ? ወይስ ከሥሩ «እንደ እንግዳ ግባ» የሚል አንድ ቁልፍ ይጨመርለት?

አንደኛው ወገን እንዲህ ይላል፦ «ማን እንደ ገባ ካላወቅን እንዴት እናገለግላለን? እረኛ በጎቹን በስማቸው ነው የሚጠራው። ደግሞስ ስሙን የደበቀ ሰው ስድብ ቢጽፍ፣ ሌላውን ቢያሸብር ማንን እንጠይቃለን?» ሌላኛው ወገን ደግሞ፦ «ሰው ገና በሩን ሳያልፍ ስሙን ካልሰጠኸኝ አታልፍም ማለት ከወንጌል ጋር አይሄድም» ይላል። ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ከፍቅር ነው። ስለዚህ ጥያቄው የኮምፒውተር ጥያቄ ብቻ አይደለም። ሰው ሊታወቅ የሚገባው መቼ ነው? ስሙስ የማን ነው? እኛ የመጠየቅ መብት የሚኖረን ከምን በኋላ ነው? እነዚህ የቆዩ የሥነ ምግባር ጥያቄዎች ናቸው፤ አዲስ የሆነው ቁልፉ ብቻ ነው።

ከቃሉ እንጀምር። በአማርኛ «እንግዳ» ስንል ሁለት ሰዎችን በአንድ ስም እንጠራለን። አንዱ ተጋብዞ የመጣ፣ ምንጣፍ የተነጠፈለት ሰው ነው። ሌላው የማናውቀው፣ ከየት እንደ መጣ ያልታወቀ ሰው ነው። «እንግዳ ነገር» ስንል ያልለመድነው ማለታችን ነው፤ «እንግዳ መጣብን» ስንል ደግሞ ቡና ይፈላል። ቋንቋችን እነዚህን ሁለቱን አለመለየቱ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ያልታወቀው ሰው በሩን ሲያልፍ የሚከበር ሰው ይሆናል። በመካከል የሚሞላ ቅጽ የለም።

ይህን ለመረዳት ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የሚወስደውን መንገድ ማሰብ ይበቃል። ደጋን በዚህ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። መንገዱ ደጋውን ከአፋር ቆላ ጋር ያገናኛል፤ በሰኞው የባቲ ገበያ አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ እህሉን፣ ከብቱን፣ ግመሉንና ጨዉን ይዞ ይገናኛል። መንገድ ዳር የሚኖር ሕዝብ እንግዳ አያጣም። መኪና ሳይበዛ፣ ሆቴል ሳይኖር በፊት መንገደኛ በመሸበት ቤት ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይል ነበር። መልሱም የታወቀ ነበር፦ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ።»

እነዚህን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ቀስ ብላችሁ ተመልከቷቸው። እንግዳው ስሙን አልተናገረም፤ የእገሌ ልጅ ነኝ፣ የእገሌ አገር ሰው ነኝ አላለም። የተናገረው ሁለት ነገር ነው፤ መሽቶበታል፣ የእግዚአብሔር ነው። ባለቤቱም «ማነህ?» አላለም። ቤቱ የእኔ አይደለም ነው ያለው። ቤቱ የራሱ ቢሆን ኖሮ ማን እንደሚገባ የመመርመር ሙሉ መብት ይኖረው ነበር። ቤቱን ለእግዚአብሔር ስለ ሰጠ ግን በሩ ላይ ያለው ሥልጣን ጠበበ። ስምና አገር የሚጠየቀው እንግዳው ከተቀመጠ፣ እግሩ ከታጠበ፣ እህል ከቀመሰ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ጥያቄው የጨዋታ መክፈቻ ነው። መልሱ ቢዘገይ እንኳ እንጀራው ከፊቱ አይነሣም።

ይህ ልማድ የእኛ የወንጌላውያን ብቻ አይደለም። የደጋን ነዋሪ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ በወሎ ደግሞ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ዘመዳሞች ቤት ሳይቀር አብሮ ይኖራል። እንግዳ አቀባበልን በተመለከተ ከጎረቤቶቻችን የምንማረው እንጂ የምናስተምራቸው ብዙ ነገር ያለን አይመስለኝም። ስለዚህ ከዚህ አገር የሚወጣ መተግበሪያ በሩ ላይ ስም የሚጠይቅ ከሆነ ከአያቶቻችን ቤት የባሰ ቤት ሠራን ማለት ነው።

«ስም መጠየቅ ምን ክፋት አለው? አንድ ስልክ ቁጥር እኮ ነው» የሚል ይኖራል። እስቲ ያ ቁጥር በእኛ አገር ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ሲም ካርድ የሚወጣው በመታወቂያ ነው። ስለዚህ ስልክ ቁጥር ሲሰጥ አብሮ ስም፣ አድራሻና ፎቶግራፍ ያለበት መዝገብ ቁልፍ ይሰጣል። በብዙ ቤት ደግሞ ስልኩ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ሲሙ በአባት ስም የወጣ ነው፤ ስልኩ ምሽት ላይ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የማረጋገጫ ኮድ የያዘ አጭር መልእክት ሲደርስ ማን እንደሚያነበው አይታወቅም። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በልቧ ያለውን ጥያቄ ለማንም ሳትናገር ለመስማት ፈልጋ ይሆናል። በሯን ልታንኳኳ ስትል እኛ መጀመሪያ ለቤተሰቧ እንድታስታውቅ አስገደድናት ማለት ነው። ይህን ያደረግነው በክፋት አይደለም። ስላላሰብን ነው። ለእርሷ ግን ውጤቱ አንድ ነው።

የአገራችን ሕግም ይህን ክብደት ያውቀዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን ሃይማኖታዊ እምነት ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ጋር ይመድበዋል። የመዝሙርና የጸሎት መተግበሪያ የተጠቃሚዎች ዝርዝር ደግሞ ምንም ሌላ ነገር ባይጻፍበት እንኳ የእምነት ዝርዝር ነው። ስሙ እዚያ መገኘቱ ብቻ ስለ ሰውየው ይናገራል። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ እንኳ፣ የድሮው የቀበሌ መታወቂያ በብዙ ቦታ ይጽፈው የነበረውን ብሔር አይጠይቅም፤ ሃይማኖትንም አይመዘግብም። መንግሥት ለመታወቂያ ሳያስፈልገኝ አልጠይቅም ያለውን እኛ መዝሙር ለማሰማት ብለን ብንሰበስበው ምን ዓይነት ምክንያት እናቀርባለን?

ወደ ወንጌሉ እንመለስ። አሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረች አንዲት ሴት በሕዝብ መካከል ተደብቃ ከኋላ መጥታ የጌታን ልብስ ነካች። ማንነቷን ለመደበቅ በቂ ምክንያት ነበራት፤ በሕጉ መሠረት እንደ ርኩስ የምትቆጠር ነበረች። ሳትናገር መጣች፣ ሳትናገር ነካች፣ ሳትናገር ተፈወሰች። ከዚያ በኋላ ነው ኢየሱስ ማን እንደ ነካው የጠየቀው። አንዳንዶች «ይኸው፣ ጌታም ጠይቋል» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ጠይቋል። ቅደም ተከተሉን ግን አስተውሉ። ፈውሱ ቀደመ፣ ጥያቄው ተከተለ። ለመልሷ ዋጋ አድርጎ የያዘው ነገር አልነበረም። ደግሞም በመጨረሻ ከሕዝቡ ፊት የሰጣት ልጄ የሚለውን መጠሪያ ነው። ስሟን ወንጌላውያን አልጻፉትም፤ እስከ ዛሬ አናውቀውም። በጌታ ዘንድ ታውቃለች፤ በመዝገብ ግን የለችም። መታወቅና መመዝገብ ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ከእርሷ የተሻለ የሚያስተምረን የለም።

ኒቆዲሞስ ደግሞ በሌሊት መጣ። የታወቀ ሰው ነበር፤ በቀን ቢታይ የሚያጣው ክብር ነበረው። ኢየሱስ «ነገ ከሰው ፊት ና» ብሎ አልመለሰውም። መብራት ሳይበራ ከማንም ሰው ጋር የማይነጋገረውን ነገር ነገረው። ይኸው ሰው ከስቅለቱ በኋላ፣ ደቀ መዛሙርት በተሸሸጉበት ቀን፣ ከርቤና እሬት ይዞ በግልጽ ለቀብር መጣ። በሌሊት የተፈቀደለት ሰው ጊዜው ሲደርስ ራሱ በቀን ተገለጠ። በሌሊት ቢመለስ ኖሮስ?

በኢያሪኮ መንገድ ላይ የተደበደበው ሰውም ስም የለውም። ያነሣው ሳምራዊ ስም የለውም። የእንግዶች ማረፊያው ባለቤት ስም የለውም። ሳምራዊው ሁለት ዲናር ከፍሎ «የሚጎድል ካለ ስመለስ እከፍላለሁ» ሲል፣ ለማን እንደሚከፍል እንኳ አላወቀም። በዚያ ታሪክ ሁሉ ስም ያልተጠራው፣ ባልንጀራ መሆን ከስም በፊት የሚጀምር ስለ ሆነ ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ የሌላኛው ወገን ሐሳብ ሊናቅ አይገባም። የእኛ አብያተ ክርስቲያናት የራሳቸው ትዝታ አላቸው። በደርግ ዘመን፣ በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሕንጻዎቿ ተወርሰው ስትዘጋ፣ አማኞች በየቤቱ በጥቂት በጥቂት ሆነው መሰብሰብ ጀመሩ። በዚያን ጊዜ ያልታወቀ ሰው በቀላሉ አይገባም ነበር። የሚገባው የሚያውቀው ሰው ሲያስገባው ነው። በሐዋርያት ሥራም እንዲሁ ነው፤ ሳውል ወደ ኢየሩሳሌም ሲመጣ ሁሉም ፈሩት፣ በርናባስ እጁን ይዞ እስኪያስተዋውቀው ድረስ። ፍርሃታቸው ኃጢአት አልነበረም፤ የሚጠብቁት ሰው ነበራቸውና።

ነገር ግን ከዚያ ዘመን ሁለት ትምህርት እንጂ አንድ ትምህርት ብቻ አይወጣም። አንደኛው፣ በቤት ውስጥ ያሉትን መጠበቅ የባለቤቱ ግዴታ ነው። ሁለተኛው፣ በስደት ጊዜ ከሁሉ የከፋው ነገር በመጥፎ እጅ የገባ የስም ዝርዝር ነው። ያ ዝርዝር ሲጻፍ ለመልካም ሊሆን ይችላል። የጻፈው ሰው ደግ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ግን ጸሐፊውን አይመርጥም፤ ማንም ሲያነሣው ይነበባል። በሰርቨር ላይ ያለ ዝርዝርም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሺህ ጊዜ ሊገለበጥ መቻሉ ነው። ያልተሰበሰበ ስም ብቻ ነው የማይሰረቀው።

ከስም ጀርባ የሚሠራ ክፋትም አለ። ስሙን ደብቆ የሌላውን ብሔርና እምነት የሚሳደብ፣ ሐሰት የሚነዛ ሰው በዚህ አገር ምን እንዳደረሰ የወሎ ወጣት ከማንም በላይ ያውቃል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰት መረጃ ስርጭትን ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1185 በ2012 ዓ.ም. የወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ «እንግዳ ሁሉ ሁሉን ያድርግ» ማለት ሞኝነት ነው።

እዚህ ላይ አንድ መስመር ማስመር የምንችል ይመስለኛል። ሰው ሊቀበል ሲመጣ ስም አይጠየቅ፤ ሰው ሌላውን ሊነካ ሲነሣ ግን ኃላፊነት ይጠየቅ። ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ መጸለይ፣ የግል ማስታወሻ መያዝ፣ ለአማካሪ በምሥጢር መጻፍ መቀበል ነው። በሕዝብ ፊት መጻፍ፣ ለማያውቁት ሰው መልእክት መላክ፣ ከሕፃናት ጋር መነጋገር፣ ገንዘብ መሰብሰብ ሌላውን መንካት ነው። በአያቶቻችን ቤትም እንግዳው ስሙን ሳይናገር እራት ይበላ ነበር፤ ከቤቱ ልጅ ለማግባት ከፈለገ ግን ሽማግሌ ልኮ ዘሩን ይቆጥር ነበር። የሚጠየቀው ነገር ከሚፈልገው ነገር ጋር ይመዛዘናል።

ደግሞ ስም መመዝገብ ራሱ ፍቅር የሚሆንበት ጊዜ አለ። በ2013 ዓ.ም. ክረምትና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ደቡብ ሲገፋ፣ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖች ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ፈለሱ። ብዙዎች በትምህርት ቤቶች ተጠለሉ፤ ብዙዎችም በነዋሪው ቤት ገቡ። መታወቂያቸውን ሳይዙ የወጡ ሰዎች ማነህ ሳይባሉ እንጀራ ተቆረሰላቸው። ዱቄትና ብርድ ልብስ ለማደል ግን ዝርዝር አስፈለገ፤ አለዚያ ጉልበት ያለው ሁለቴ ወስዶ ደካማው ባዶ እጁን ይቀራል። በመንገድ ላይ ከእናቱ የተለያየ ሕፃንም ስሙ በአንድ ወረቀት ላይ ካልተጻፈ እናቱ አታገኘውም። ያ ጽሑፍ የቁጥጥር ጽሑፍ አልነበረም።

ታዲያ የፍቅርን ዝርዝር ከሌላው የምንለየው በምንድን ነው? አንድ ቀላል ጥያቄ አለ፤ «ይህ ስም የሚጠቅመው ማንን ነው?» መልሱ «ባለ ስሙን» ከሆነ ጠይቁ፣ ምክንያቱንም ንገሩት። መልሱ «እኛን» ከሆነ ቆም በሉ። ብዙ ጊዜ እውነተኛው መልስ «እኛን» ነው። በዓመቱ መጨረሻ ለሽማግሌዎች ወይም ለደጋፊዎች በሚቀርብ ሪፖርት ላይ «ይህን ያህል ሰው ተመዘገበ» ብሎ መጻፍ ደስ ይላል። ዳዊትም ሕዝቡን ያስቆጠረው ቁጥሩን ለማወቅ ፈልጎ ነበር፤ ኢዮአብ እንኳ ነገሩ አልጣመውም። መቶ በግ የነበረው እረኛም ቆጥሯል። እርሱ ግን የቆጠረው አንዱ መጥፋቱን ለማወቅ ነው፤ ቆጥሮም ወደ በረሃ ወጣ። በቁጥር በራሱ ክፋት የለም። ከቆጠርን በኋላ ወዴት እንደምንሄድ ነው የሚለየን።

አሁን ወደ ቁልፉ እንምጣ፤ ሥነ ምግባር በዝርዝር ሥራ ውስጥ ካልታየ ስብከት ብቻ ሆኖ ይቀራልና። «እንደ እንግዳ ግባ» የሚለው ቁልፍ እንዴት ይሠራል? ብዙ አልሚዎች የሚጠቀሙበት የጎግሉ ፋየርቤዝ ይህን አገልግሎት አዘጋጅቶ ይሰጣል። ሰውየው ቁልፉን ሲነካ ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይል አይጠየቅም። ከጀርባ ግን አንድ ረጅም የፊደልና የቁጥር መለያ ይፈጠርለታል፤ ያነበበው ምዕራፍ፣ ያሰመረበት ቦታ በዚያ መለያ ሥር ይቀመጣል። አንድ ቀን ራሱ ፈልጎ ስልክ ቁጥሩን ወይም ኢሜይሉን ቢጨምር መለያው ሳይለወጥ ወደ ቋሚ አካውንት ይሸጋገራል፤ የሰበሰበው ነገር ሁሉ አብሮት ይሄዳል። የኒቆዲሞስ መንገድ ማለት ይህ ነው፤ በሌሊት የጀመረውን በቀን ይቀጥላል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ሦስት የታማኝነት ጥያቄዎች ተደብቀዋል።

የመጀመሪያው፣ እንግዳው እንግዳ ተባለ እንጂ ጨርሶ ያልታወቀ አይደለም። መለያ ተሰጥቶታል፤ ከስልኩ የሚመጡ ሌሎች ምልክቶችም ሊመዘገቡ ይችላሉ። «ስምህን አልጠይቅም» ብሎ ከኋላ ዱካውን መከተል፣ እንግዳን አስተኝቶ ኪሱን እንደ መፈተሽ ነው። «ማንነትህን አናውቅም» ብለን የጻፍነው እውነት መሆን አለበት። የማያስፈልገውን የመከታተያ ፕሮግራም አውጡት። የሚቀረውን ደግሞ በቀላል አማርኛ ንገሩት።

ሁለተኛው፣ የእንግዳው ዕቃ ይጠፋል። መተግበሪያውን ከስልኩ ቢያጠፋ ወይም ስልኩ ቢሰረቅ፣ ያንን መለያ መልሶ የሚያገኝበት መንገድ የለም። ለዓመት የጻፈው የጸሎት ማስታወሻ ይሄዳል። ይህ ሳይነገረው ቢያገኘው ተታልያለሁ ይላል፤ እውነቱንም ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይነገረው። ማስጠንቀቂያው ግን ማስፈራሪያ አይሁን። በየሦስት ደቂቃው «አሁኑኑ ተመዝገብ» እያሉ መጨቅጨቅ፣ እንግዳን አስገብቶ በየጉርሻው «መቼ ነው የምትሄደው?» እንደ ማለት ነው።

ሦስተኛው የአልሚው ጥንቃቄ ነው። ለሲስተሙ እንግዳውም «ገብቷል» ተብሎ ይቆጠራል። አልሚው «የገባ ሰው ሁሉ ይጻፍ» የሚል ደንብ አውጥቶ ከሆነ፣ ማንም ቁልፉን ነክቶ በሺህ የሚቆጠር ቆሻሻ ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ ደንቡ እንግዳውን ከቤተኛው ለይቶ ማወቅ አለበት። ለእንግዳ የሳሎን በር ይከፈታል፤ የጎተራው ቁልፍ ግን አይሰጠውም። ይህን የሚያውቅ አልሚ እንግዳን ሳይፈራ ይቀበላል። ያልተዘጋጀ ቤት ነው እንግዳ የሚያስደነግጠው።

ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ቢሆኑ ከዚህ ሐሳብ የራቁ አይደሉም። አፕል በመደብሩ ለሚያስገባቸው መተግበሪያዎች ባወጣው ደንብ፣ አካውንት የግድ የሚፈልግ አገልግሎት ከሌለ ሰው ሳይመዘገብ እንዲጠቀም ይፍቀዱለት ይላል። ከሰኔ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አካውንት የሚያስከፍት መተግበሪያ ሁሉ ሰውየው አካውንቱን እዚያው እንዲሰርዝ መንገድ እንዲያዘጋጅ ግድ ሆኗል። ለንግድ የቆመ ድርጅት በሩን ይህን ያህል ከከፈተ፣ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የምንል ሰዎች ከዚያ ልናንስ አይገባም።

አንድ ከባድ ጉዳይ ይቀራል፤ ሳልነካው ባልፍ ግን ታማኝ አልሆንም። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ስሙን ያልሰጠ አንድ እንግዳ በምክር ሳጥኑ ውስጥ መኖር እንደ ሰለቸው ጻፈ እንበል። የሚያማክረው ወንድም ነቅቶ መለሰለት። ሌላ መልስ ግን አልመጣም። ስልክ ቁጥር የለም፣ ቀበሌ የለም፣ የሚጠራ ዘመድ የለም። ያ ወንድም እስኪነጋ በዚያ ዝምታ ፊት ይቀመጣል። የመዝግቡ ወገን ትክክል የሚሆንበት ሰዓት ቢኖር ይህ ነው፤ ስሙን ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ሰው ልከን ባገኘነው ነበር።

ይህን ክርክር በቀላሉ የሚያፈርስ መልስ የለኝም። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ስም የሚጠይቅ በር ቢሆን ኖሮ ያ ሰው ምናልባት ጨርሶ አይጽፍም ነበር። በዚያን ሌሊት የጻፈው ማንም እንደማያውቀው ስላመነ ነው። ስለዚህ ምርጫው እርሱን በማግኘትና ባለማግኘት መካከል አይደለም። ድምፁን በመስማትና ጨርሶ ባለመስማት መካከል ነው። የተሰማ ድምፅ መልስ ሊሰጠው ይችላል፤ ቁጥርህን ብትሰጠኝ አሁኑኑ እደውልልሃለሁ፣ ባትሰጠኝም እዚሁ ነኝ፣ ከአጠገብህ ያለ አንድ የምታምነውን ሰው ቀስቅስ ሊባል ይችላል። ስም በዚህ ጊዜ እንደ መግቢያ ዋጋ አይጠየቅም። የሰጠም ሰው አምኖ ይሰጣል። ቢሆንም ዋጋ አለው፤ አንዳንድ ሌሊት እጃችን አይደርስም። በሩን ስም ሳንጠይቅ ከከፈትን፣ ያንን ሌሊት የሚሸከም፣ የሚነቃ፣ ለዚህ የሠለጠነ ሰው ማዘጋጀት ግዴታችን ይሆናል። ቁልፍ ጨምሮ መተኛት አይቻልም።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ እንደዚህ ያለ ሥራ በእጃችሁ ቢገባ ቁልፉን ጨምሩት። ከጨመራችሁ በኋላ ግን ሥራው ገና መጀመሩ ነው። ሊቀበል ለመጣው ስም አትጠይቁት፤ ሌላውን ሊነካ ለሚነሣው ድንበር አብጁለት። ዱካውን አትከተሉት። የሚጠፋበትን ነገር አስቀድማችሁ ንገሩት። ስሙን ሊሰጣችሁ ሲወድ የሚያምረውን መንገድ አዘጋጁለት፤ ሊወስደው ሲፈልግም የሚመልስለት ይኑር። በሌሊት የሚያንኳኳ ቢመጣ የሚነቃ ሰው መድቡ።

አበው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። ስም ይህን ያህል ውድ ከሆነ በደጅ የሚቀረጥ ቀረጥ ልናደርገው አይገባም። የሰው ስም ሰውየው ሲያምነን በእጁ የሚሰጠን ነገር ነው። እስከዚያው ድረስ የምናውቀው አይበቃንም ወይ? መሽቶበታል፤ የእግዚአብሔር ነው።